የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የአእምሮ ሕመም አበል፦ ከየትኛው ቀን ጀምሮ?

አሜሪካ ውስጥ ከውትድርና ጋር ለተያያዘ የአእምሮ ሕመም፣ ለድብርትም ሆነ ፒቲኤስዲ ለሚባለው፣ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ለሚቀር የአእምሮ ጭንቀት፣ ወርሃዊ አበል የሚከፍለው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወይም ቪኤ ነው። የውሳኔ ደብዳቤው ሲመጣ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያየው የሕመሙ ክብደት የተገመተበትን ፐርሰንት ነው፤ 30፣ 50፣ 70 ወይም 100። ከጎኑ የተጻፈችውን ቀን ብዙዎች ልብ አይሏትም። ውዝፉ የሚሰላው ግን ከእሷ ተነስቶ ነው።

በመርሕ ደረጃ ማመልከቻው ቪኤ የደረሰበት ቀንና መብቱ የተገኘበት ቀን ተነጻጽረው የዘገየው ይያዛል። ስለዚህ «ከ2005 ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» ማለት፣ እውነት ቢሆንም፣ ብቻውን አይበቃም። ከሠራዊቱ በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ከተሰናበተበት ማግስት ይታሰብለታል። ይሄ ለአእምሮ ሕመምተኛ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ሰውን ከቢሮና ከወረቀት የሚያርቀው ሕመሙ ራሱ ነው። በ1981 ከባሕር ኃይል ተሰናብቶ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ ያመለከተ አንድ ሰው ያዘገየኝ ሕመሜ ነው ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል። በጃንዋሪ 2023 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ሕጉ ለዚህ ቦታ የለውም አሉት። ኮንግረስ ሊደፍነው የሚገባ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀኑ ልክ አይደለም የሚል ሰው ከውሳኔው ጀምሮ አንድ ዓመት አለው። ከፌብሩዋሪ 2019 ወዲህ መንገዱ ሦስት ነው፦ አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና ማመልከት፣ ያለውን ማስረጃ ከፍ ያለ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅ፣ ወይም ለይግባኝ ቦርዱ ማቅረብ። ቦርዱም እንቢ ካለ በ120 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ጉዳዩ ሳይቋረጥ ከቀጠለ የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን አይጠፋም። ለፒቲኤስዲ አመልክቶ ሐኪሙ «ያለብህ ድብርት ነው» ያለውም ከዜሮ መጀመር የለበትም። በ2009 ፍርድ ቤት እንደወሰነው ማመልከቻው የሚያየው ሰውየው የሚሰማውን ምልክት እንጂ የሕመሙን ስም ብቻ አይደለም።

ዓመቱ ካለፈ ውሳኔው ይጸናል። ቀኑ ብቻ ይቀየርልኝ ብሎ አዲስ ጥያቄ ማስገባት አይሠራም። አንዱ መውጫ በቀድሞው ውሳኔ ውስጥ የማያከራክር ግልጽ ስህተት ማሳየት ነው፤ የጊዜ ገደብ የለውም፣ ግን «ማስረጃዬን በደንብ አልመዘኑትም» የሚል ቅሬታ አይበቃውም። ሌላው፣ ለፒቲኤስዲ በጣም የሚጠቅመው፣ ያኔ ፋይሉ ውስጥ ያልገባ የሠራዊት መዝገብ ነው። ለምሳሌ ጥቃቱ አልተረጋገጠም ተብሎ የተከለከለ ሰው ካምፑ በሞርታር መመታቱን የሚያሳይ የክፍሉ ሰነድ በኋላ ቢገኝለት፣ ጉዳዩ እንደገና ይታይና ቀኑ እስከ መጀመሪያው ማመልከቻ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ይግባኙን ከመጻፍ በፊት ሙሉ ፋይልን ከቪኤ አስወጥቶ ገጽ በገጽ ማየት ይሻላል።

ገና ያላመለከተ ደግሞ፣ ከእኛም ወገን አሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ አሉና፣ ዛሬውኑ «ላመለክት ነው» የሚለውን አጭር ማስታወቂያ ያስገባ። በስልክም ይቻላል። ሙሉው ማመልከቻ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከገባ ድረስ የሚያዝለት ያ የመጀመሪያው ቀን ነው። ቪኤ እውቅና የሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች ወረቀቱን በነፃ ይሞሉለታል።