«ድንገተኛ የውሃ ጉዳት» ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ በሞርጌጅ ቤት የገዛ ሰው ወደደም ጠላም የቤት ኢንሹራንስ ይገባል። አበዳሪው ያለሱ ብድር አይሰጥም። ውሉን ቁጭ ብሎ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ቤቱን ውሃ ሲያጥለቀልቀው የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ «ኢንሹራንስ አለኝ፣ ይከፍላል» የሚል ነው። አንዳንዴ ይከፍላል። አንዳንዴ ደግሞ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ልዩነቱ ያለው «ድንገተኛ» የምትል አንዲት ቃል ላይ ነው።

በኢንሹራንስ ቋንቋ የውሃ ጉዳት የሚከፈለው «ድንገተኛና ያልታሰበ» ሲሆን ነው። ማታ ደህና የነበረ ቧንቧ ሌሊት ፈነዳ እንበል። ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎማ ተበጥሶ ውሃው ወለሉን ሞላው። ወይም የሙቅ ውሃው ታንክ ከሥሩ ተቀደደ። እነዚህ ሁሉ ድንገተኛ ናቸው።

አሁን ሌላ ቤት እንውሰድ። ከኩሽናው ሲንክ ሥር ያለው መገጣጠሚያ ለወራት ጠብ ጠብ ሲል ኖሯል። ማንም ልብ አላለውም። አንድ ቀን ወለሉ እግር ሲረግጠው ሰመጠ። ባለቤቱ ያየው ዛሬ ነው፤ ለእሱ ነገሩ ድንገተኛ ነው። ለኢንሹራንሱ ግን አይደለም። የተለመዱት ውሎች ለሳምንታት፣ ለወራት ወይም ለዓመታት ሲያፈስ የቆየ ውሃ ያደረሰውን ጉዳት አይሸፍኑም። አንዳንዶቹ ገደቡን በቁጥር ያስቀምጡታል፦ 14 ቀንና ከዚያ በላይ። ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ያፈሰሰ ከሆነ ልዩ ሁኔታ የሚያደርጉ ውሎች አሉ፤ የማያደርጉም አሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ወኪላችሁን ዛሬውኑ ጠይቁት።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ውሃው ምን ያህል ነው ሳይሆን መቼ ጀመረ ነው። ጉዳቱን ሊገምት የሚመጣው አጀስተርም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ደርቆ እንደገና የረጠበ ቡናማ እድፍ፣ የበሰበሰ እንጨት፣ የዛገ ምስማር፣ የተስፋፋ ሻጋታ ካየ ውሃው የከረመ ነው ብሎ ይጽፋል። በቅን ልቦና ክፍያውን ሲጠብቅ የነበረ ሰው በዚህ ምክንያት ባዶ እጁን ሲቀር ያሳዝነኛል፤ ያቺን ጠብታ ቀድሞ ማሠራት ቀላል ነበርና።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ሌላም ነገር አለ። ኢንሹራንሱ ውሃው ያበላሸውን ወለል፣ ግድግዳና ዕቃ ይከፍላል። የፈነዳው ቧንቧ ጋ ለመድረስ ግድግዳው መፍረስ ካለበት፣ ማፍረሱንና መልሶ መሥራቱን ብዙ ጊዜ ይሸፍናል። ቧንቧውን ራሱን፣ ማሽኑን ወይም ታንኩን ግን አይከፍልም። እሱ ከኪሳችሁ ነው። ዲዳክተብሉም አለ፣ ማለትም ከጉዳቱ እናንተ ራሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ፤ ጉዳቱ 9,000 ዶላር፣ ዲዳክተብላችሁ 1,500 ዶላር ከሆነ የሚደርሳችሁ 7,500 ነው። በጉዳቱ ምክንያት ቤቱ የማይኖርበት ከሆነ ደግሞ የሆቴል ወጪ የሚሸፍን ክፍል በውሉ ውስጥ አለ። ሰው ስለማያውቀው ሳይጠይቀው ያልፋል።

ክረምቱ በሚበረታባቸው ስቴቶች ለምትኖሩ አንድ ነገር አደራ። ውሃ ሲበርድ ወደ በረዶነት ይለወጥና መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ቧንቧ የሚፈነዳውም በዚህ ነው። ይህ ይሸፈናል፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ወይ ቤቱን አሙቃችሁ መተው፣ ወይ ውሃውን ዘግታችሁ ቧንቧውን ባዶ ማድረግ ይጠበቅባችኋል። ለገና አገር ቤት ስትሄዱ ወጪ ለመቆጠብ ብላችሁ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ ብትሄዱና ቧንቧው ቢፈነዳ፣ ክሌሙ፣ ማለትም የካሳ ጥያቄያችሁ፣ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ጎርፍ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ከደጅ በመሬት ላይ እየፈሰሰ የገባ ውሃ፣ የቱንም ያህል ድንገተኛ ቢሆን፣ በተለመደው የቤት ኢንሹራንስ አይሸፈንም። ለእሱ ራሱን የቻለ የጎርፍ ኢንሹራንስ አለ። በ1968 በሕግ የተቋቋመውና በፌማ (በፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ሥር ያለው ብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤቱ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። አብዛኛውን ጊዜ ከገባችሁበት ቀን በኋላ 30 ቀን ካልሞላ ሥራ አይጀምርም፤ ዝናቡ ሲመጣ መሯሯጥ አያዋጣም። ከፍሳሽ መስመር ወደ ቤዝመንት (ከመሬት በታች ወዳለው የቤቱ ክፍል) ተመልሶ የሚገባ ውሃም በራሱ አይሸፈንም። ለእሱ በውሉ ላይ ተጨማሪ ሽፋን ይገዛል። ቤዝመንት ያለው ሰው ይህን ባይዘለው ደስ ይለኛል።

ውሃው የመጣ ዕለት መጀመሪያ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጉ። ውሃው የኤሌክትሪክ ሶኬት አካባቢ ከደረሰ አትግቡበት። ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶና ቪዲዮ አንሱ። የተበጠሰውን ጎማ ወይም የተሰነጠቀውን ቧንቧ አትጣሉት፤ ጉዳቱ ድንገተኛ ለመሆኑ ምስክራችሁ እሱ ነው። ከዚያ ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ፣ ማድረቁንም ወዲያው ጀምሩ። «አጀስተሩ ሳያይ አልነካም» ብሎ ውሃውን ማቆየት ስህተት ነው፤ ውሉ ራሱ ጉዳቱ እንዳይባባስ የመከላከል ግዴታ ይጥልባችኋል። ሻጋታ እንዳይነሳ የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለበት። ለማድረቂያ፣ ለጥገና፣ ለሁሉም ያወጣችሁበትን ደረሰኝ ያዙ።

ጉዳቱ ከዲዳክተብላችሁ ብዙም የማይበልጥ ከሆነ ግን ክሌም ከማስገባታችሁ በፊት አስሉት። የክሌም ታሪክ ኢንሹራንሶች በሚጋሩት መዝገብ ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያል፣ ክፍያችሁንም ሊያስጨምር ይችላል። ተገቢ ክሌም አስገብታችሁ ከተከለከላችሁ ደግሞ ምክንያቱን ከነውሉ አንቀጽ በጽሑፍ ጠይቁ። በእያንዳንዱ ስቴት ኢንሹራንስን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አለ፤ አቤቱታ ለማቅረብ ጠበቃ አያስፈልጋችሁም።