ጭስ ስለሌለው አይጎዳም? ስለ ሱረትና ቶምባክ በተለምዶ የሚወራው

አያቴ ሱረቷን (ዱቄት ትምባሆዋን) ከትንሽዬ ቆርቆሮ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አርጋ ወደ አፍንጫዋ ትስብና ደጋግማ ታስነጥሳለች፣ እኛም "ይማርሽ" እንላለን። ሲጋራ ያጨሰ ሰው ግን ቤቷ ድርሽ አይልም ነበር። ብዙ ሰው ዛሬም እንደሷ ነው የሚያስበው።

"ጭስ ከሌለው ካንሰር ከየት ይመጣል?" ይላሉ። ከቅጠሉ ነዋ! ኒትሮዛሚን የሚባሉት ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ትምባሆው ሲደርቅና ሲብላላ ነው የሚፈጠሩት፣ እሳት አያስፈልጋቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ጭስ አልባ ትምባሆ የአፍ፣ የምግብ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር ያመጣል ብሎ ከደመደመ ቆይቷል።

"በእጅ የተሰራ፣ ተፈጥሯዊ ነገር ነው።" ይሄ እንኳን የባሰ ነው። ሱዳን የሰራ ሰው ቶምባክን ያውቀዋል፣ ትምባሆው ተብላልቶ በአትሩን (እንደ ቤኪንግ ሶዳ ባለ ጨው) ይታሻል፣ ከዛ ድብልብል አርገው ከንፈር ስር ይወትፉታል። አትሩኑ ለጣዕም ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ኒኮቲኑን ከትምባሆው ያላቅቀውና በድድ በኩል ቶሎ ደም ውስጥ እንዲገባ ያረገዋል፣ ለዛ ነው ጀማሪው ወዲያው ራሱን የሚያዞረው። ቶምባክ ውስጥ የተለካው የኒትሮዛሚን መጠን ደግሞ ዓለም ላይ ከተገኙት በጣም ከፍተኛ ከሚባሉት ነው።

"ሱስ አያሲዝም፣ ደሞ ለራስ ምታት መድሃኒት ነው" የሚሉት አሉ። ለግማሽ ሰዓት አፍ ውስጥ የቆየ ትምባሆ የ3 ሲጋራ ያህል ኒኮቲን ሊሰጥ ይችላል እኮ። ራስ ምታቱም ቢሆን የለመደ ሰው ሱረቱ ሲቀርበት ኒኮቲን አጥቶ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፣ ሲስብ ይተወዋል፣ በቃ መድሃኒት አገኘሁ ይላል (አያቴን ይሄን ማን ያስረዳት!)።

"ስዊድኖች በጭስ አልባ ትምባሆ አይደል እንዴ ሲጋራ ያቆሙት?" የነሱ ስኑስ (ከንፈር ስር የሚቀመጥ ትምባሆ) ኒትሮዛሚኑ እንዲቀንስ ተደርጎ ነው የሚመረተው፣ ከሲጋራም ጉዳቱ ያንሳል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ከቶምባክ ጋር አንድ አይደለም፣ ኒኮቲኑም ያው ሱስ ነው። እርጉዝ ሴት ደግሞ የትኛውንም አትንካ፣ ያለጊዜው መውለድና ፅንሱ ሞቶ መወለድ ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

"ካላመመኝ ምንም የለብኝም" የሚለው ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ትምባሆው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ነገር ወይም የማይድን ቁስል ካያችሁና ሁለት ሳምንት ካለፈው ለጥርስ ሐኪም አሳዩት፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም።