የዓሣ ዝርያ ማንነት ማረጋገጥ ምንድን ነው?

ለመጥፋት በተቃረበ ዓሣ ላይ የዘረመል ጥናት ሲደረግ ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ናሙናው በተቀመጠበት ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ስም በእርግጥ የዚህ ዓሣ ነው? ይህን በማስረጃ መመለስ ነው የዝርያ ማንነት ማረጋገጥ የሚባለው። አምባዛን ከቆሮሶ ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አንዱ ጢማምና ቅርፊት አልባ፣ ሌላው ቅርፊታም ነው። ጭንቁ የሚመጣው ዘመዳሞቹ ጋ ሲደረስ ነው።

ጀማ ወንዝ ላይ መረብ የጣለ ሰው የሚያወጣቸውን ላቢዮባርበስ የሚባሉ ዓሦች እንውሰድ። ባለሙያው በጎናቸው መስመር ላይ ያሉትን ቅርፊቶች ይቆጥራል፤ የከንፈራቸውን ውፍረትና የጢማቸውን ርዝመት ያያል። ነገር ግን የአንድ ዝርያ ዓሦች እንኳ በአፍና በከንፈር ይለያያሉ፤ ገና ያላደጉትማ ጨርሶ ያደናግራሉ።

ስለዚህ ወደ ዲኤንኤ ይኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳው ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ዘዴ የዲኤንኤ ባርኮድ ይባላል። ከማይቶኮንድሪያ (ከሕዋሱ ኃይል አመንጪ ክፍል) ከአንድ ጂን 650 ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ይነበቡና በመረጃ ቋት ካሉት ጋር ይመሳከራሉ። ኮምፒውተሩ ስም ያወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኔ ግን ከባዱ ሥራ ገና አልተጀመረም ባይ ነኝ። በቋቱ ያለውን ስም ያስገባው ሰው ነው፤ እሱ ከተሳሳተ ተከታዩ ሁሉ «99 በመቶ ይመሳሰላል» እያለ ስሕተቱን ይወርሳል።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የአሜሪካዋ ኮሎራዶ አይታዋለች። ግሪንባክ ከትስሮት የሚባለው የትራውት ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በኋላ ተረፉ የተባሉት ተገኙ፤ ለአሥርተ ዓመታትም እየተባዙ በየጅረቱ ተለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የጎረቤት ተፋሰስ ዓሦች መሆናቸውን አሳየ። በ2012 ደግሞ ተመራማሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተይዘው ሙዚየም ከተቀመጡ ዓሦች ዲኤንኤ አወጡ። እውነተኛው ግሪንባክ ቤር ክሪክ በሚባል አንድ ጅረት ብቻ ቀርቶ ተገኘ፤ ያውም ከትውልድ ተፋሰሱ ውጭ ሰው ወስዶ ያኖረው። ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ለሌላ ዓሣ ሲፈስ ኖሯል።

ባርኮዱም ወሰን አለው። ማይቶኮንድሪያ ከእናት ስለሚወረስ ዲቃላ ዓሣ በእናቱ ስም ያልፋል፤ ለዚህ ከሕዋሱ አስኳል የሚወሰዱ ጂኖች መታየት አለባቸው። የጣና ላቢዮባርበሶች ደግሞ የተለያዩት በቅርብ ስለሆነ በመልክና በአመጋገብ ተለያይተው በማይቶኮንድሪያ ግን ይመሳሰላሉ።

በሰሜን ሸዋ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። የደብረ ብርሃኑ የበሬሳ ወንዝ ጀማ ገብቶ ዓባይ ይወርዳል፤ የከሰም ወንዝ ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ ይቀራል። ላቢዮባርበስ ኢንተርሚዲየስ የሚባለው ዝርያ ግን በሁለቱም ተፋሰሶች ተመዝግቧል። በስም አንድ ናቸው። በደምም አንድ ናቸው ለማለት ከሁለቱም ወገን ናሙና ወስዶ፣ ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ስሙን ካወጣበት ከጣናው ዓሣ ጋር ማስተያየት ይጠይቃል።

ለማስተያየት ደግሞ አካሉ መኖር አለበት። እንደ ወጉ ዓሣው ከመለኪያ ጋር ፎቶ ይነሳል፤ ከክንፉ ጫፍ ትንሽ ተቆርጦ 96 በመቶ በሆነ አልኮል ይቀመጣል፤ አካሉም የቁራጩን ቁጥር ይዞ ሙዚየም ይገባል። ፎርማሊን አካሉን ቢያቆይም ዲኤንኤውን ስለሚያበላሽ፣ ክንፉ የሚቆረጠው ቀድሞ ነው። ለመጥፋት የተቃረበውን ግን ገድሎ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ቁራጩና ፎቶው ተወስዶ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ያኔ ከንፈሩ ካልታየ፣ ቅርፊቱ ከፎቶው ላይ የማይቆጠር ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላ «ይህ ዓሣ እውነት እሱ ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ የሚያሳዩት ነገር አይኖርም።