ፓስቸራይዜሽን ምንድን ነው?

«ወተቱ ፓስቸራይዝድ ከሆነ ከየትም ይምጣ፣ ማሽኑ ያጸዳዋል» የምትለው አስተያየት ሰሞኑን ደጋግማ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ወተት እየፈተሽሁ እንጀራ ለምበላ ለእኔ ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

ፓስቸራይዜሽን ወተትን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ፣ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አሙቆ ወዲያው ማቀዝቀዝ ነው። ነቀርሳን (ቲቢን) እና ብሩሴሎሲስን የሚያመጡ ጀርሞችን፣ ሳልሞኔላንም ይገድላል። ይገድላል እንጂ አያጥብም።

ማሽኑን በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ቁጠሩት። ሌባ ሲመጣ ይጥለዋል። ሌባው ቀድሞ መርዝ ቀብሮ ከሆነስ? ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጡቷ ከታመመ ላም ወይም ከአላቢው እጅ ይገባና ወተቱ ሳይቀዘቅዝ ሲቆይ መርዝ ይሠራል። ባክቴሪያው በሙቀቱ ይሞታል፤ መርዙ ቢያፈሉትም አይጠፋም። ከሻገተ ፋጉሎ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝና ላሟ ከታከመችበት መድኃኒት የሚቀረው አብዛኛው ቅሪትም ዘበኛውን ሰላም ብለው ያልፋሉ። ደግሞም ዘበኛው የሚጥለው ከመጡት ውስጥ በድርሻ ስለሆነ፣ ብዙ ሲመጡ ብዙ ያመልጡታል።

ፒያሳ ተቀምጦ ማኪያቶውን የሚያማስለው አስተያየት ሰጪ ወተቱ የሚመጣበትን ጀሪካን ቢያይ ደስ ይለኛል። አፉ ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም። መያዣው ውስጥ የቀረው የትናንት ወተት በውኃ ቢያንቀጠቅጡት አይለቅም፤ ከሱሉልታም ይምጣ ከሰላሌ የዛሬው ወተት የሚፈስሰው እዚያ ላይ ነው። አፈ ሰፊ የብረት ዕቃ የምንለምነው ለዚህ ነው። የማታው ወተት ሳይቀዘቅዝ አድሮ ከጠዋቱ ጋር ሲቀላቀልማ ጉዳዩ ማሽኑ ዘንድ ሳይደርስ አልቋል።

«የወተት መሰብሰቢያው ይፈትሻል» ይባላል። ይፈትሻል፤ ግን ላክቶሜትር የተባለው መለኪያ ውኃ መጨመሩን ይጠቁማል እንጂ ስለ ጀርም አንድም ቃል አይናገርም። የአልኮል ፍተሻም መኮምጠጥ የጀመረውን ወተት ያረጋዋል፤ ሆኖም የእንገር ወተትም ሊረጋ ስለሚችል የረጋውን ሁሉ ኮምጧል ማለት አይቻልም።

«ታዲያ ጥሬውን እንጠጣ?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! ጥሬ ወተት ሳይፈላ አይጠጣም። ፓስቸራይዝድ የሆነውም ከዘበኛው ያመለጡት እንዳይራቡበት በ4 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት፤ ባለሱቁ ከማቀዝቀዣ ውጭ የደረደረውን የከረጢት ወተት አትግዙ። በከፍተኛ ሙቀት ታክሞ በካርቶን የታሸገው ረጅም ዕድሜ ያለው ወተት ብቻ እስኪከፈት ድረስ ውጭ ቢቀመጥ ችግር የለውም።