«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ለአባት ስም አይባልም

እ.ኤ.አ. በ2015 በቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ገንዘቤ ዲባባ በ1500 ሜትር፣ ማሬ ዲባባ በማራቶን ወርቅ ወሰዱ። ሁለቱ አብረው በተነሱ ቁጥር «ዲባባ የተባለ ሁሉ ይሮጣል፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል አይጠፋም። ምሳሌው እዚህ ቦታ አይገባም። ገንዘቤ የሯጮቹ የእጅጋየሁ ዲባባና የጥሩነሽ ዲባባ ታናሽ እህት ናት። ማሬ ግን ከሦስቱም ጋር የሥጋ ዝምድና የላትም፤ አባቶቻቸው ሞክሼ ሆነው ነው።

መልአክ ያወጣዋል የሚባለው የልጁን የራሱን ስም ነው። ዲባባ የአባት ስም ነው፤ ሴቶቹ ሲወለዱ ማንም ተጨንቆ አላወጣላቸውም። «ያወጣዋል» የሚለውን ግስ ልብ ይሏል። አማርኛ ስምን «ሰጠ» ከማለት ይልቅ «አወጣ» ይላል፤ ስሙ ቀድሞ ነበረ፣ ሰው አፍ ላይ ብቻ መጣ እንደማለት ነው።

የቤት ስም የሚወጣው ከወላጅ ሁኔታ ነው። ከፊቱ የተወለደው ሞቶ ከሆነ ልጁ ካሳ፣ ምትኩ ወይም ማስረሻ ይባላል። እጅጋየሁ ማለት «እጅግ አየሁ» ነው፤ ተናጋሪዋ ልጅቷ ሳትሆን ወላጅ ነው። ገንዘቤም ማሬም ያው የወላጅ ድምፅ ናቸው፣ «የኔ» የሚል።

ሁለተኛው ስም በኦርቶዶክሱ ዘንድ የክርስትና ስም ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ካህኑ ብዙ ጊዜ የዕለቱን በዓል ያያል። ቀኑ 12 ከዋለ ኃይለ ሚካኤል፣ 19 ከዋለ ወለተ ገብርኤል ሊል ይችላል። ከጥምቀቱ በኋላ ሕፃኑ በ36 የአካል ክፍሎቹ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ ይቆርባል። ስሙን አደራ የሚቀበለው ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ በቤት ስም ብቻ ሲጠራ ኖሮ የክርስትናው ስም ይረሳል፤ ለፍትሐት ካህኑ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ሲል ሁሉም ይተያያል። ያን ዕለት እንዳይታጣ በዚያው በጥምቀቱ ቀን ጽፎ ማኖር ነው።

የምሳሌውን ምንጭ ብዙ ሰው ከሉቃስ ምዕራፍ 1 ጋር ያያይዘዋል። ገብርኤል ዮሐንስ የሚለውን ስም ይነግራል፤ ጎረቤቶቹ ግን ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ሲሉ ኤልሳቤጥ እንቢ ትላለች። የመልአኩ ስም ከአባት ስም ጋር የተለያየው እዚያው ነው። እኔ ግን ከመጽሐፈ ኩፋሌ የመጣ ይመስለኛል። በዚያ መጽሐፍ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ይገባሉ፤ ያስገቧቸውም መላእክት ናቸው። ተራኪው ራሱ መልአክ ነው። በ40 እና በ80 ቀን ልጁን ታቅፎ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆመ ወላጅ ስሙን መልአክ አወጣው ቢል ምን ይገርማል? ደብተራ ጽፎ ያስቀመጠው ማስረጃ ባላመጣም፣ የቀኖቹ መግጠም ያሳምነኛል።

በአባት ስም ዝምድና የሚቆጥር ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ ባዳውን ዘመድ፣ ዘመዱን ባዳ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ በ10,000 ሜትር እጅጋየሁ ብር፣ ደራርቱ ቱሉ ነሐስ አገኙ። ደራርቱ ለእህትማማቾቹ የቅርብ ዘመድ ናት፤ ስሟ ግን ዲባባ አይደለም። ጥሩነሽ ስለሺ ስህንን ስታገባ ስሟ አልተለወጠም፤ ዲባባም በእሷ በኩል ወደ ልጅ አይወርድም። ዝምድና ለማወቅ የአያትን ስም፣ ቀጥሎ የትውልድ መንደርን፣ ከዚያ የእናትን ወገን መጠየቅ ነው። ለጋብቻ ሲሆን ደግሞ በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ሯጮቹን ቲቪ ላይ በሚነገረው የአባት ስማቸው «የዲባባ ቤተሰብ» ብሎ በጅምላ ሲጠራ ያሳዝናል።

ምሳሌውን የወደደ በጥሩነሽ ላይ ይበለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ በ5,000 እና በ10,000፣ በ2012 ለንደን እንደገና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ልጅ ስትወለድ የተባለችው «ጥሩ ነሽ» ነው።