አርሴማ፦ ከሮም ሸሽታ አርመን ላይ የተሰዋችው

ወር በገባ በ29 «ዛሬ አርሴማ ናት» የማይል የለም። ቀኑ የባለ ወልድ መሆኑን እንኳ አንዳንዴ እንረሳዋለን። ስዕሏ ታክሲ ውስጥ ተለጥፏል፣ ስሟን ብዙ ሴት ልጆች ይጠሩበታል፤ ወሎ ስሪንቃ ያለው ቤተ ክርስቲያኗም ከሩቅ በሚመጣ ምእመን ይጥለቀለቃል። ከዚህ ሁሉ የተነሳ የአገራችን ሰው የምትመስለን አንጠፋም። ታሪኳ የተፈጸመው ግን አርመን ነው። እዚያ ሂሪፕሲሜ ትባላለች።

ዘመኑ የዲዮቅልጥያኖስ ነው፤ የሮም ንጉሠ ነገሥት ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ284 እስከ 305 የገዛው፣ የእኛም ስንክሳር ደጋግሞ የሚያነሳው አሳዳጅ። በእኛ ገድል አባቷ ቴዎድሮስ፣ እናቷ አትኖስያ ይባላሉ፤ የስለት ልጃቸው ናት። የአርመኖቹን ትረካ የጻፈው አጋታንጌሎስ የሚባል ሰው ነው። የተጻፈው ነገሩ ከተፈጸመ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ የታሪክ ሰዎች ሁሉንም ዝርዝር እንዳለ አይቀበሉትም። የአርመኑ ንጉሥ ትሪዳትና አርመንን ያጠመቀው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ግን በእውነት የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ትረካው እንዲህ ነው። ዲዮቅልጥያኖስ የምታምር ሚስት ፈልጎ ሰዓሊዎች በየቦታው ይልካል። ሰዓሊዎቹ አርሴማ የምትኖርበት የደናግል ገዳም ይገቡና መልኳን ስለው ይወስዱለታል። ንጉሡም በስዕሉ ብቻ ልቡ ይጠፋል። እመ ምኔቷ ጋያኔ ይህን ስትሰማ ልጆቿን ይዛ ምሥራቅን አሳብራ ትሰደዳለች። መጨረሻ ያረፉት በአርመን ዋና ከተማ በቫጋርሻፓት ዳርቻ፣ ወይን በሚጠመቅበት ጎጆ ውስጥ ነው። ከመካከላቸው አንዷ የመስታወት ዶቃ መሥራት ትችል ነበር። ዶቃው ከተማ ይሸጣል፣ የዕለት እንጀራቸውም ከዚያ ይገኛል። ከገድሉ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይሄ ነው። ስደተኛ ሁሉ የሚኖረው እንዲህ አይደል?

ዲዮቅልጥያኖስ ለትሪዳት ደብዳቤ ጻፈ፦ ፈልገህ ላክልኝ፣ ከወደድካትም ለራስህ አስቀራት። (የእኛ ስንክሳር ይህን ንጉሥ ድርጣድስ ይለዋል።) ትሪዳት አያትና ለራሱ ፈለጋት። በጉልበቱ የታወቀ ጦረኛ ነበር። እልፍኝ አስገብቶ ሊደፍራት ሲታገላት ግን አቃተው፤ ልጅቷ ጣለችው። ጋያኔን አምጥተው «እሺ በይው በያት» ብለው በሩ ላይ አቆሟት። እሷ ግን በሮማውያን ቋንቋ «በርቺ» አለቻት። ቋንቋውን የሚያውቁ ነበሩና በድንጋይ አፏን መትተው ጥርሷን አረገፉት። አርሴማ በዚያ ሌሊት አምልጣ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። ወታደሮቹ ደርሰው ምላሷን ቆረጡ፣ በችቦ አቃጠሏት፣ በመጨረሻም አካሏን ቆራረጡት። በማግስቱ ተራው የጋያኔ ሆነ። አርመኖች በጠቅላላው 37 ሰማዕታት ይቆጥራሉ። በእኛ የዕረፍቷ በዓል መስከረም 29 ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ከስዕል ያውቀዋል። ንጉሡ አእምሮውን ስቶ እንደ እርያ ሆነ። እህቱ ሕልም አየች፦ ጎርጎርዮስ ካልመጣ መዳን የለም። ጎርጎርዮስ ደግሞ ወደ 13 ዓመት ለሚሆን ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ ሰው ነው። ሞቷል ሲሉት በሕይወት ተገኘ። ወጥቶ መጀመሪያ ያደረገው የሰማዕታቱን አጥንት መሰብሰብ ነበር። ንጉሡም ተፈወሰ፣ ተጠመቀ፤ አርመን ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት አደረገች። ቤተ ክርስቲያኗ ይህን በ301 ትለዋለች፣ ወደ 314 የሚያመጡት ምሁራንም አሉ። ጉድጓዱ ዛሬም ኮር ቪራፕ ገዳም ውስጥ አለ። ምእመናን በብረት መሰላል ይወርዱበታል። ከገዳሙ ግቢ የአራራት ተራራ ፊት ለፊት ይታያል።

ቫጋርሻፓት፣ በሌላ ስሟ ኤችሚያዚን፣ ከየሬቫን በስተ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአርሴማ ቤተ ክርስቲያን እዚያ አለች። የአርመን ቤተ ክርስቲያን አባት የነበረው ካቶሊኮስ ኮሚታስ በ618 ያሠራት ናት፤ 1400 ዓመት ቆማለች ማለት ነው። መቃብሯም ከቤተ መቅደሱ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኔስኮ ከኤችሚያዚን ካቴድራልና ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። እንግዲህ የእኛ ሰው አርመን ድረስ መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከአገራቸው ወጥተው ያረፉት እዚያው ነው። አብያተ ክርስቲያናቱም እስካሁን በሃይማኖት አንድ ናቸው።

የጋያኔ ቤተ ክርስቲያን በ630 ተሠራች። ሦስተኛዋ ሾጋካት ትባላለች፣ አሁን የቆመው ሕንፃ የ1694 ነው። ወታደሮቹ የመጡ ቀን ከደናግሉ አንዷ ታማ ከመኝታዋ መነሳት አልቻለችም ነበር። ጓደኞቿን ተከትላ መሄድ አቅቷት ተኝታ ቀረች። የወይን መጥመቂያው ጎጆ ድረስ መጥተው እዚያው ገደሏት። ሾጋካት ያለችው በዚያ ቦታ ላይ ነው ይባላል።