የዳይናሚክ ቪስኮሲቲ መለኪያዎች፦ ከፖይዝ እስከ ፓስካል ሰከንድ

አንድ ፈሳሽ ለመፍሰስ ምን ያህል እንደሚያንገራግር የሚነግረን መጠን ዳይናሚክ ቪስኮሲቲ ይባላል። ውሃ እሺ ባይ ነው፤ ግሊሰሪን ግን ከሺህ ጊዜ በላይ ያስቸግራል።

ሁለት ትይዩ ሳህኖች በመካከላቸው ፈሳሽ ይዘዋል እንበል። የታችኛው ቆሟል፤ የላይኛው ወደ ጎን ይገፋል። የሳህኑ ስፋት 1 ካሬ ሜትር፣ ክፍተቱም 1 ሜትር ነው። የላይኛውን በሰከንድ 1 ሜትር ለማስኬድ 1 ኒውተን ኃይል የሚጠይቅ ከሆነ፣ የፈሳሹ ቪስኮሲቲ 1 ፓስካል ሰከንድ ነው። የዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት የሚጠቀመው ይህንን ነው።

ፖይዝ ደግሞ ከቀድሞው የሴንቲሜትር፣ ግራምና ሰከንድ ሥርዓት የመጣ ነው። ስሙ የተወሰደው ፈሳሽ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ካጠናው ፈረንሳዊ ሐኪም ከዣን ፕዋዜይ ነው። 10 ፖይዝ 1 ፓስካል ሰከንድ ነው። ስለዚህ 1 ሴንቲፖይዝ ከ1 ሚሊፓስካል ሰከንድ ጋር እኩል ነው፤ ምንም ስሌት አይፈልግም። የውሃ ቪስኮሲቲ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ሴንቲፖይዝ ገደማ መሆኑም ነገሩን ያቀለዋል። ሴንቲፖይዝ እስከ ዛሬ ከምርት መግለጫዎች ላይ ያልጠፋው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ጣጣው የሚጀምረው ፓውንድ ሲመጣ ነው። ፓውንድ አንዳንዴ መጠነ ቁስ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ኃይል። የኃይል ፓውንድ በሰከንድ ተባዝቶ ለካሬ ጫማ ሲካፈል 47.88 ፓስካል ሰከንድ ይሆናል። የመጠነ ቁስ ፓውንድ ለጫማና ለሰከንድ ሲካፈል ግን 1.488 ብቻ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ውጤቱ 32 ጊዜ ገደማ ይዛባበታል። በካሬ ጫማ ፈንታ ካሬ ኢንች ከሆነ መለኪያው ሬይን ይባላል። እሱ ደግሞ ግዙፍ ነው፦ 6,895 ፓስካል ሰከንድ ገደማ። ለዚህም በማሽን ቅባት ስሌት የሚሠራበት ብዙውን ጊዜ የሚሊዮንኛው ክፋይ፣ ማይክሮሬይን ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር ሴንቲስቶክስ ነው። ሴንቲፖይዝ ቢመስልም የሚለካው ኪነማቲክ ቪስኮሲቲን፣ ማለትም ዳይናሚኩ ለእፍግታ ሲካፈል የሚገኘውን ነው። ያለ እፍግታ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም። አንድ የሞተር ዘይት በ40 ዲግሪ 100 ሴንቲስቶክስ ቢሆን፣ በዚያው ሙቀት እፍግታው በሴንቲሜትር ኩብ 0.85 ግራም ከሆነ፣ 100 በ0.85 ተባዝቶ 85 ሴንቲፖይዝ ይሰጣል። ይህም 0.085 ፓስካል ሰከንድ ነው። ለውሃ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ስለሆኑ በውሃ የለመደ ሰው ዘይት ላይ ሲደርስ በቀላሉ ይሸወዳል።

ሙቀትን ደግሞ የትኛውም የልወጣ ሠንጠረዥ አያስተካክልም። ውሃ በ0 ዲግሪ 1.79 ሴንቲፖይዝ ነው፤ በ100 ዲግሪ አካባቢ ወደ 0.28 ይወርዳል። የ20 ዲግሪን ቁጥር ከ40 ዲግሪው ጋር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። እንደ ቀለምና ኬቻፕ ያሉት ደግሞ ባሕርያቸው ለየት ይላል፤ በፍጥነት ሲማሰሉ ይቀጥናሉ። ስለዚህ ከቁጥራቸው ጎን ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የመለኪያው መሣሪያ በምን ፍጥነት እንደዞረም ይጻፋል።